ሉሲል ቦል ሉሲ አልነበረችም

ስለ አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ኮሜዲያንና ተዋናይት ስለ ሉሲል ቦል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ርእሱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስጨርሰው ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሴትዮዋ ዕድለኛ ነበረች፤ ቴሌቪዥን ሲወለድ በሩ ላይ ቆማ ተገኘች። ታላቅ ያደረጋት ባሏ ነው። ኮሜዲዋ ፊት ማጣመምና መውደቅ ብቻ ነው። ባሏን እያታለለች የምትኖር ቂል የቤት እመቤት ሆና በመጫወቷ የሴቶችን ክብር ወደኋላ ጎተተች። ኮሚኒስትነቷ ሲጋለጥ ባሏ በአንዲት ቀልድ አዳናት። በመጨረሻም ወድቃና ተረስታ ሞተች። በመካከሉ አንዲት ምስጋና ጣል አድርገውላታል፤ በ3 ካሜራ የመቅረጽን ዘዴ የፈለሰፈችው እሷ ናት ብለዋል። የሚገርመው ይህችው ምስጋናም ስሕተት ናት።

በየነጥቡ ከመመለሴ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሉሲ» ስል ደግሞ ድንቅነሽን ማለቴ አይደለም፤ ምንም እንኳ የሐዳሯ ሉሲ የተገኘችበት 1974 የዚያችኛዋ ሉሲ የመጨረሻ ረጅም ተከታታይ ያበቃበት ዓመት ቢሆንም። ከዚህ በኋላ «ሉሲ» የምላት በቴሌቪዥን የምትታየውን ገጸ ባሕርይ ሉሲ ሪካርዶን ነው፤ ተዋናይቷን «ሉሲል» እላታለሁ። ነገሩ የስም ጨዋታ አይደለም። የጸሐፊው ስሕተት ግማሹ ሁለቱን ሴቶች አንድ አድርጎ ከመቁጠር የመጣ ነው።

እስቲ ያንን ዕድል የሚሉትን እንየው። ሉሲል ኦገስት 6 ቀን 1911 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በጄምስታውን ተወለደች። አባቷ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ በ1915 በታይፎይድ ሲሞት 4 ዓመት እንኳ አልሞላትም። ያደገችው ሴሎሮን በምትባል መንደር በአያቶቿ ቤት ነው። በ1927 በዚያው ግቢ ልጆች ኢላማ ሲተኩሱ አንድ የጎረቤት ልጅ በጥይት ተመትቶ ሽባ ሆነ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰና ቤተሰቡ ቤቱን አጣ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ15 ዓመቷ፣ ኒውዮርክ ከተማ ወደሚገኝ የድራማ ትምህርት ቤት ተልካ ነበር። የትምህርት ቤቱ ኮከብ በኋላ ታላቅ የፊልም ተዋናይት የሆነችው ቤቲ ዴቪስ ነበረች። ሉሲል ግን ከዓይን አፋርነቷ የተነሣ መናገር ያቅታት ስለነበር፣ መምህራኑ እሷን ማስተማር ገንዘብ ማባከን መሆኑን ለእናቷ አሳወቁ። በኋላም ሞዴል ሆና እየሠራች ሳለ እግሮቿን የያዘ ሕመም አልጋ ላይ ጣላት፤ ራሷ እንደምትተርከው መራመድን እንደገና መማር ነበረባት።

ሆሊውድ የገባችው በ1933 ነው፤ እሱም ከኮከቡ ጀርባ ከሚደረደሩ ቆነጃጅት አንዷ ሆና። ከዚያም አር.ኬ.ኦ. በተባለው ስቱዲዮ ለዓመታት ትንንሽ ሚና ስትጫወት ቆየች። አበባ ሻጭ ሆና ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ተናግራ ትወጣለች፤ የሌላ ሴት ጓደኛ ሆና ትስቃለች። በርካሽ በጀት በሚሠሩ ፊልሞች ዋና ተዋናይ እስከ መሆን ደረሰች፤ በዚህም የሁለተኛ ደረጃ ፊልሞች ንግሥት የሚል ስም ወጣላት። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። «አይ ላቭ ሉሲ» (ሉሲን እወዳታለሁ) የተባለው ተከታታይ ኦክቶበር 15 ቀን 1951 ሲጀምር 40 ዓመት ሞልቷታል፤ ሆሊውድ ውስጥ 18 ዓመት አሳልፋለች። ጸሐፊው በሩ ላይ ቆማ ተገኘች ሲሉ፣ እዚያ በር ላይ ስንት ዓመት እንደቆመች ቢቆጥሩ ኖሮ ቃሉን አይጠቀሙበትም ነበር።

ቆማ ደግሞ ዝም አላለችም። በ1940ዎቹ ኤም.ጂ.ኤም. ስቱዲዮ ውስጥ ሳለች ቡስተር ኪተንን አገኘች። ኪተን የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ታላቅ ኮሜዲያን ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ዝናው ደብዝዞ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ለሌሎች ቀልድ በማቀበል ይሠራ ነበር። በሴትዮዋ ውስጥ ያለውን ቀድመው ካዩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ዕቃን እንደ ተዋናይ መቁጠርን አስተማራት፤ ባርኔጣም ሆነ ወንበር ወይም ማንኪያ እጅ እስኪለምደው ድረስ እንዲመረመር። በ1948 ደግሞ በሲ.ቢ.ኤስ. ሬድዮ አንዲት ሚስትንና ባሏን የሚመለከት ኮሜዲ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ ከጽሑፉ ቀና ሳትል ታነብ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ጄስ ኦፐንሃይመር ጃክ ቤኒ የተባለው ኮሜዲያን በተመልካች ፊት እንዴት እንደሚሠራ ሄዳ እንድታይ አደረጋት። አይታ ስትመለስ በማይክራፎን ፊት ፊቷና እጇ መሥራት ጀመሩ፤ አዳራሹ ሳቀ። በቴሌቪዥን የታየው ሁሉ ተቦክቶ የቆየ ነበር ለማለት ነው።

«ሉሲልን ሉሲል ያደረጋት ባሏ ዴዚ አርናዝ ነው» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ሲባል እንሰማለን፤ ጸሐፊው ገልብጠው የእምዬን ወደ አብዬ አድርገውታል። የነገሩን ቅደም ተከተል እንመልከት። ዴዚ ሳንቲያጎ ደ ኩባ የተወለደ ስደተኛ፣ የሙዚቃ ባንድ መሪ ነበር። በ1940 ፊልም ሲሠሩ ተዋወቁና በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ቀን ተጋቡ። እሱ ባንዱን ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ እሷ ሆሊውድ ናት። በ1944 ፍቺ ጠይቃ እንደገና ታረቁ። ሲ.ቢ.ኤስ. የሬድዮውን ኮሜዲ ወደ ቴሌቪዥን ማምጣት ሲፈልግ፣ ባሌን ሆኖ የሚጫወተው ባሌ ካልሆነ አልሠራም ያለችው እሷ ናት። የጣቢያው ኃላፊዎች አንዲት አሜሪካዊት እንዲህ ያለ የኩባ አነጋገር ያለው ባል አላት ቢባል ሕዝብ አያምንም አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ሲባል ሁለቱ ከተጋቡ 10 ዓመት ሊሞላቸው ነው! በ1950 ክረምት ጨዋታቸውን ይዘው በየከተማው መድረክ ላይ ወጡ። ሕዝቡ ሳቀ፤ አመነም። እንግዲህ ወደ ቴሌቪዥን ማን ማንን አስገባ?

ይህን ስል ዴዚን ለማሳነስ አይደለም። ከገባ በኋላ የሠራው ሥራ አስደናቂ ነው፤ ስለ 3ቱ ካሜራ የተባለውም እዚህ ላይ ይፈታል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከኒውዮርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ለሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚላከው ከቴሌቪዥን መስተዋት ላይ በካሜራ የተቀዳ ግልባጭ ነው፤ ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ስፖንሰሩ ፊሊፕ ሞሪስ የተሰኘ የሲጋራ ኩባንያ ነበር፤ ሲጋራ ገዢው በብዛት ያለው በምሥራቁ ክፍል ስለሆነ ያ ጭጋግ ወደዚያ እንዲሄድ አልፈለገም፤ ኒውዮርክ መጥታችሁ ሥሩ አለ። ባልና ሚስቱ ካሊፎርኒያን አንለቅም አሉ። መፍትሔው እንደ ሲኒማ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መቅረጽ ሆነ። ፊልም ውድ ነው። ልዩነቱን ለማካካስ ከሳምንት ደመወዛቸው 1,000 ዶላር እንዲቀነስ ተስማሙ፤ በምትኩ የተቀረጸው ፊልም ባለቤትነት የእነሱ ኩባንያ የዴዚሉ እንዲሆን ጠየቁ። ጣቢያው ፈቀደ። አንድ ጊዜ የታየ ፕሮግራም ማን መልሶ ያየዋል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ሞኝ አልነበሩም፣ ወረቀቱን ግን ይዘው አልለቀቁም። ሉሲል በወለደች ጊዜ እንድታርፍ የቀደሙት ክፍሎች ተደግመው ሲታዩ ተመልካቹ አሁንም ሳቀ። ዛሬ የቆየ ተከታታይን ደግሞ ማሳየትና መሸጥ የሚባለው ንግድ ጉልበት ያገኘው ከዚህ ነው።

በበርካታ ካሜራ በፊልም መቅረጽ ግን ከእነሱ በፊት ተሞክሯል። ሉሲልም ሆነች ዴዚ አልፈለሰፉትም። ቴክኒኩን ያቃናው ካርል ፍሮይንድ ነው፤ ጀርመን ውስጥ በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራውን ያንቀሳቀሰ ታላቅ የብርሃን ሰው። ችግሩ ቀላል አልነበረም። ሲኒማ ለእያንዳንዱ የካሜራ አቅጣጫ መብራት ያስተካክላል። 3 ካሜራ በአንድ ጊዜ ሲቀርጽ፣ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ተቀምጦ ሲያይ፣ መብራት ለማዛወር ሥራ ማቆም አይቻልም። ፍሮይንድ መብራቱን ከላይ ሰቅሎ፣ ጥላውን አለዝቦ፣ ተዋናዩ የትም ቢሄድ ከ3ቱም አቅጣጫ እንዲታይ አደረገ። ይህ ለሉሲል ምን ጠቀማት? ሳትቋረጥ መጫወት ቻለች። አንድ ቀልድ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሕዝብ ፊት ያድጋል፤ ሳቁ ሲረዝም ትጠብቀዋለች፣ ሲያጥር ትቀጥላለች። ለእሷ ያልሆነ ምስጋና ሰጥተው የራሷን ምስጋና የሚነፍጉ ጸሐፊ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሆነዋል።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልምጣ፤ «ፊት ማጣመምና መውደቅ» ወዳሉት።

በ1952 የታየ አንድ ክፍል አለ። ሉሲ «ቫይታሚታቬጃሚን» የተባለ የጉልበት መድኃኒት ማስታወቂያ ለመሥራት ስቱዲዮ ትገባለች። መድኃኒቱ ውስጥ 23 በመቶ አልኮል አለ፤ እሷ አታውቅም። ማስታወቂያው ስለ ጣዕሙ ያወራል፤ ስለዚህ ልምምድ በተደገመ ቁጥር አንድ ማንኪያ መቅመስ አለባት። መጀመሪያ ስትቀምሰው አፏ ጣፋጭ ነው ይላል፤ ፊቷ ደግሞ መርዝ ነው ይላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚሆኑት፤ ከንፈሯ ፈገግ ብሎ ዓይኗ ያለቅሳል። በሚቀጥለው ልምምድ ፊቷ ያነሰ ይጨማደዳል። በሌላው ትወደዋለች። ከዚያ ምላሷ መተሳሰር ይጀምራል፤ የመድኃኒቱ ስም ክፍለ ቃሎች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ማንኪያውና ጠርሙሱ መገናኘት ይሳናቸዋል፤ በመጨረሻ ማንኪያውን ትታ ከጠርሙሱ ትጎነጫለች።

ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልናገርም፤ ያሳፍረኛል። ካየሁት የተረዳሁት ግን አለ። አንዱን ንግግር ደጋግማ ነው የምትናገረው፤ በእያንዳንዱ ዙር ስካሩ በአንዲት እርከን ብቻ ከፍ ይላል። ሁለት እርከን አይዘልም፤ ወደኋላም አይመለስም። የትኛው ቃል በየትኛው ዙር እንደሚሰበር ታውቃለች። ከዚያ በላይ ደግሞ ሉሲ መስከሯን አታውቅም። እየተሳካላት እንደሆነ፣ ኮከብ ልትሆን እንደሆነ ታምናለች፤ ድምፅዋ እየተወላገደ እምነቷ እየጠነከረ ይሄዳል። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ እምነት ነው። ፊት ማጣመም ለማንም ይቻላል፤ ልጆችም መስታወት ፊት ያደርጉታል። ፊቱ የሚጣመመው ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ግን ሙያ ነው።

ሌላውን፣ ዓለም የሚያውቀውን የቸኮሌት ፋብሪካ ልጥቀስ። ሉሲና ጓደኛዋ ኤተል በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ የሚመጡትን ቸኮሌቶች በወረቀት እንዲጠቀልሉ ተቀጥረዋል፤ አንዲት ሳትጠቀለል ካለፈች ይባረራሉ። መስመሩ መጀመሪያ ዝግ ይላል፤ ከዚያ ይፈጥናል፤ ከዚያ ከአቅማቸው በላይ ይሆናል። አፋቸው ውስጥ፣ ባርኔጣቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ መስመሩ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች፤ በጣም ረክታ መስመሩ ይፋጠን ብላ ታዛለች። ይህ ቀልድ የሚሠራው በሒሳብ ነው፤ ቅጣቱ የሚመጣው ማጭበርበሩ ስለተሳካ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ባለው ትዕይንት ከሉሲል አጠገብ ቸኮሌት የምትነክረዋ ሴት ተዋናይ ሳትሆን በእውን የቸኮሌት ሠራተኛ ነበረች። እጇ ከልማድ የተነሣ ቅንጣት አይሳሳትም፤ ሉሲል ያንን እጅ እያየች ተሳስታ ትከተላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ሉሲ መዝፈን አትችልም፤ መጫወት አትችልም፤ ባሏ በሚሠራበት ክለብ መድረክ ላይ ለመውጣት ስትሞክር ሁሉን ታበላሻለች። ሉሲል ይህን ማበላሸት ለአንድ ሳምንት ትለማመደዋለች። ዜማ የምትስትበትን ቦታ ታውቃለች፤ የምትወድቅበትን ሰከንድ ታውቃለች። አብረዋት የሠሩ ሰዎች በልምምድ ላይ ጥብቅ፣ አንዳንዴም አስቸጋሪ እንደነበረች ይናገራሉ፤ በቀረጻ መካከል እየሳቀች የምትሠራ ሴት አልነበረችም። ደራሲዎቹ ኦፐንሃይመር፣ ማዴሊን ፒውና ቦብ ካሮል ናቸው። ማዴሊን ፒው አንዳንዱን የአካል ቀልድ ለሴት የሚቻል መሆኑን ለማወቅ አስቀድማ በራሷ ላይ ትሞክረው ነበር። ሉሲል ራሷ በኋላ በሰጠችው ቃለ ምልልስ አስቂኝ እኔ አይደለሁም፣ ደራሲዎቼ ናቸው፤ እኔ ደፋር ነኝ ብላለች። ጸሐፊው ይህን ቢያገኙት ለክርክራቸው ይጠቅሙበት ነበር። እኔ ግን ቃሏን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ድፍረት ብቻውን ቫይታሚታቬጃሚንን እንዲያ አያስብልም።

የሴቶችን ጉዳይ በተመለከተ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው፤ ልክ የሆኑበትን ላስቀድም። ዴዚ የሚጫወተው የሉሲ ባል ሪኪ ሚስቱን እንደ ልጅ ጭኑ ላይ አስተኝቶ የሚመታባቸው ትዕይንቶች አሉ። ያኔ ቀልድ ነበር፤ ዛሬ ሳየው ፈገግታዬ ይጠፋል። ሉሲ ሥራ ፍለጋ ወጥታ በየክፍሉ መጨረሻ ወደ ማድቤቷ ትመለሳለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ደግማ ትወጣለች። ለ6 የቴሌቪዥን ዘመን፣ በ180 ክፍሎች፣ ቤትሽ ተቀመጪ የተባለች ሴት አልቀመጥም ስትል የኖረችበት ተከታታይ ሴትን ወደኋላ ጎተተ ማለት ይከብደኛል። ደግሞ ሴራውን የምትጎነጉነው ብቻዋን አይደለም። ኤተልን ሆና የተጫወተችው ቪቪያን ቫንስ ለዚህ ሚና በ1954 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አግኝታለች። ሁለቱን ሴቶች አንድ ላይ ሲያዩ ማን ለማን እንደሚሠራ ግልጽ ነው፤ ለባሎቻቸው አይደለም።

እርግዝናውንም ጸሐፊው ዘለውታል። ነፍሰ ጡር ሴት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከታታይ ውስጥ ስትታይ የመጀመሪያዋ ሉሲል አይደለችም፤ ከ4 ዓመት በፊት በአንድ ትንሽ ተከታታይ ታይቷል። በዚህ መጠን ግን አልነበረም። ጣቢያው «እርጉዝ» የሚለውን ቃል ስለከለከለ ሌላ ለስለስ ያለ ቃል ተጠቀሙ፤ የክፍሉን ርእስ በፈረንሳይኛ ጻፉት። አንድ ካህን፣ አንድ ፓስተርና አንድ ረቢ ጽሑፉን አስቀድመው እንዲያነቡ ተደረገ፤ የሚያስነቅፍ ነገር አላገኙበትም። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ሉሲ በቴሌቪዥን ስትወልድ ሉሲልም በዚያው ቀን በእውን ወንድ ልጅ ወለደች። ወደ 44 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አየው። በማግሥቱ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን በዓለ ሲመት ያየው 29 ሚሊዮን ያህል ነበር። ለእናትነት የተደበቀ ቃል የሚፈልግ ሕዝብ ፊት ሆዷን ይዛ የወጣች ሴት፣ ክብር ጎተተች ሳይሆን መጋረጃ ቀደደች ቢባል ይሻላል።

ኮሚኒስትነት የተባለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1936 ሉሲል በመራጭነት ስትመዘገብ ለኮሚኒስት ፓርቲ የመምረጥ ሐሳብ እንዳላት ሞልታለች። ምክንያቱ ሶሻሊስት የነበሩት አያቷ ናቸው፤ ሽማግሌውን ለማስደሰት እንዳደረገችው ኮሚኒስቶችን ይመረምር ለነበረው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ መርማሪ አስረድታለች፣ ድምፅም አልሰጠችም። በሴፕቴምበር 1953 ይህ ሲወጣ ዴዚ በቀረጻ ምሽት ተመልካቹ ፊት ቆሞ ከሉሲ ቀይ ነገር ቢኖር ፀጉሯ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ቀለም ነው ማለቱ እውነት ነው። ግሩም ቀልድ ነው። ከቀልዱ በፊት ግን ለኮሚቴው መርማሪ ቃሏን ሰጥታለች፤ የኮሚቴው አባልም ለጋዜጠኞች ነጻ መሆኗን ተናግሯል። ከዚያም በላይ ያዳናት ሌላ ነገር አለ፤ ስፖንሰሩ በዚያው ዓመት 8 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ፈርሞላት ነበር። ከእሷ ባነሰ ጥርጣሬ እንጀራቸውን ያጡ ተዋንያንና ደራሲያን በዚያ ዘመን ብዙ ናቸው። ጸሐፊው የባሏን ቀልድ ትተው ይህን ቢያነሡ ኖሮ እኔም አብሬያቸው እጮህ ነበር።

«ከባሏ ከተለየች በኋላ ተንኮታኮተች» የሚለው ግን በፍጹም አይሆንም። ዴዚሉ በ1957 አር.ኬ.ኦ.ን ገዛ። አዎን፣ ሉሲል አበባ እየሸጠች ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ትናገርበት የነበረውን ስቱዲዮ! በ1960 ተፋቱ። በ1962 የዴዚን ድርሻ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝታ ኩባንያውን ብቻዋን ያዘች፤ አንድን ትልቅ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሥራውን አልወደደችውም፤ የሒሳብና የስብሰባ ሰው አልነበረችም። ይሁንና ኩባንያው በ1966 በአንድ ወር ውስጥ «ስታር ትሬክ»ንና «ሚሽን ኢምፖሲብል»ን ለአየር አበቃ። ሁለቱም ወጪያቸው ከባድ ስለነበር የኩባንያው ሰዎች ፈርተው ነበር፤ የ«ስታር ትሬክ»ን የመጀመሪያ ሙከራ ሊያሳየው የነበረው ጣቢያ ኤን.ቢ.ሲ. አልቀበልም ብሎ መልሶታል። ሁለተኛ ሙከራ ተሠራ፤ የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። ስለ ጠፈር የሚያወራ መሆኑን መጀመሪያ አልተረዳችም የሚል ወሬ ይነገራል። ይሁን። ገንዘቡን ግን ፈቅዳለች፤ ስቱዲዮን ሲመሩ ዋናው እሱ ነው። በ1967 ኩባንያውን በ17 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። በፊት ካገኘቻቸው ሁለት የኤሚ ሽልማቶች ላይ በ1967ና በ1968 ሁለት ጨመረች፤ በእነዚያ ዓመታት የቀድሞ ባሏ በትዕይንቱ ውስጥ አልነበረም። መንኮታኮት ይህ ከሆነ ለሁላችን ይድረሰን።

የመጨረሻው ነጥብ ላይ ደረስን። በ1986 በ75 ዓመቷ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰች፤ 13 ክፍል ተቀርጾ 8 ብቻ ታይቶ ተሰረዘ። ጸሐፊው ውድቀት ብለውታል፤ ውድቀት ነበር። አያት ሆና መሰላል ላይ ስትወጣ ተመልካቹ መሳቁን ትቶ እንዳትወድቅ ይሰጋል፤ ለአካል ኮሜዲ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ያንን ሊነግራት የደፈረ ሰው በዙሪያዋ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። ተረስታ ሞተች የሚለውን ግን ከየት አመጡት? በዚያው ዓመት በዲሴምበር ዋሽንግተን ውስጥ በኬኔዲ ማዕከል አገራዊ ክብር ተሰጣት። ዴዚ ከ5 ቀን በፊት በካንሰር አርፎ ነበር፤ ለዚያ ምሽት የጻፈው መልእክት ግን መድረክ ላይ ተነበበ። «አይ ላቭ ሉሲ» ርእስ ብቻ ሆኖ አያውቅም ይላል። እሷ ከላይ ተቀምጣ ስትሰማ የሚያሳየውን ምስል ያየ ሰው፣ ማን ማንን ሠራ የሚለውን ክርክር ራሱ ይንቀዋል፤ እኔም እዚህ ያህል መጓተቴን ትንሽ አፈርኩበት።

በማርች 1989 በኦስካር ምሽት ከኮሜዲያኑ ቦብ ሆፕ ጋር መድረክ ላይ ስትወጣ አዳራሹ ቆሞ ተቀበላት። በኤፕሪል የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከሆስፒታሉ አቅራቢያ የሚገኝ ምግብ ቤት ሉሲን እንደሚወድ የሚገልጽ ትልቅ ጽሑፍ ሰቀለ፤ ደብዳቤና ካርድ ጎረፈ። ኤፕሪል 26 ቀን ጠዋት በ77 ዓመቷ አረፈች። ያ ቀን ከእሷ በኋላ ለመጡት ሴት ኮሜዲያን በር የከፈተችው ካሮል በርኔት የተወለደችበት ቀን ነው። ሉሲል በየዓመቱ በዚህ ቀን አበባ ትልክላት ነበር። በርኔት የሞቷን ዜና የሰማችው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ፣ አበባውም እንደ ወትሮው ደረሰ።